የማይላላው የኋላ ዴስክ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ዕቃዬን ለንብረት ክፍል አስረከብኩ። ሁለት መጋዝ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መላጊያ፣ አራት መሮ፣ አንድ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ፣ እጀታው ሦስት ጊዜ የተቀየረ መዶሻ። ንብረት ክፍል ያለው ልጅ ደግ ልጅ ነው። አንድ በአንድ እያነሣ መዘገበና ፋይሌን ሲያገላብጥ ቆይቶ ሳቀ።

"ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝም?"

"ጠይቅ።"

"ይሄ የዲክሲስ ትምህርት ቤት ምን ነካው? በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ደብዳቤ አለ። 'የኋላ ዴስኮች ስለላሉ አናጢ ይላክልን።' የሳጉሬ አንድ ነው፣ የአርቦዬ ሁለት ነው፣ ዲክሲስ ግን በየዓመቱ! ምን ዓይነት ዴስክ ነው የሠሩላቸው?"

"ጥሩ ዴስክ ነው የሠራሁላቸው።"

"ጥሩ ዴስክ በየዓመቱ ይላላል እንዴ?"

"ይላላል እንጂ። ጥሩው እሱ ነው።"

የሽማግሌ ቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። ከኋላዬ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር፤ ነገሩም እንዲህ በመስኮት በኩል ቆሞ የሚነገር አልነበረም። እኔም ፈርሜ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ከነከነኝ። ደግ ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ። እና መልሱን ይኸው በዝግታ ልጽፍለት ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት ሳጉሬ ነው። አራተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱን ትቼ ከአባቴ ጋር ገብስና ስንዴ ሳጭድ አደግሁ። እጄ ከእንጨት ጋር ስለሚስማማ ደርግ በገባ በዓመቱ ገደማ አንድ ዘመዴ አሰላ አምጥቶ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የጥገና ሠራተኛ ሆኜ እንድቀጠር አደረገኝ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ አላወራም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል። ሥራው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ዴስክ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ በርና መስኮት መጠገን ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ሳያወርዱ እንቅልፍ የሚወስዳቸው።

ጋሽ ተሰማ "ዴስክ ተሰበረ" ተብለው ሲጠሩ መዶሻ አያነሡም። መጀመሪያ ይቀመጡበታል። የዚያን ጊዜ ዴስክ ወንበሩና ጠረጴዛው በአግዳሚ የተያያዘ፣ ሦስት ልጅ የሚያስቀምጥ ነው። እሳቸው እንደ ተማሪ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ከዚያ ይነሣሉ። መልሰው ይቀመጣሉ። ደግሞ ይነሣሉ።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?" አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

"እየጠየቅሁት ነዋ። አንተ የታመመ ሰው ዘንድ ስትሄድ ገና ከበር መርፌ ትወጋዋለህ?"

እንደሳቸው አባባል ዴስክን የሚጎዳው መቀመጥ አይደለም፤ መነሣት ነው። ልጅ ሲነሣ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ይጫናል፣ በጉልበቱ ጀርባ ወንበሩን ይገፋል። ያን ጊዜ እግሩና አግዳሚው የተጋጠሙበት ቦታ ቅንጣት ታህል ይንቀሳቀሳል። ደጋግሞ ሲነሣ ይላላል። "ስለዚህ የላላ ዴስክ ስታይ ልጁን አትርገመው" ይሉኝ ነበር፤ "ብዙ ተነሥቷል ማለት ነው።" እኔ ይህን የሰማሁት በአናጢ ጆሮ ብቻ ነው። ሌላ ነገር እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንጨት ላይ ደግሞ ጥብቅ ነበሩ። ሳንቃ ሲገባ ያሸቱታል። መጋዘኑ ውስጥ እያነባበሩ፣ እንዲተነፍስ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየጣሉ ይደረድሩታል፤ ጫፉ ላይ የገባበትን ወር በከሰል ይጽፋሉ። ክረምትና በጋ ሳይፈራረቅበት ማንም አይነካውም። "እርጥብ እንጨት ውሸታም ነው፤ ዛሬ ያለህን ነገ አይደግመውም።" ምስማርም አይወዱም። እግሩን ወንዴ፣ አግዳሚውን ሴቴ አድርገው በመሮ ፈልፍለው ነው የሚገጥሙት። አንድ ቀን የላላ እግር ላይ ምስማር ስመታ ደርሰው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ምስማር ሥራ አይደለም ደምሴ። ላጠፋኸው ሥራ ይቅርታ መጠየቂያ ነው።"

ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። መጋዘኑና ከሰሉ ለኔ ቀረ።

መምህር ሰሎሞን አሰላ የመጣው በዚያው ጊዜ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ስላልለመደው ኮቱን ከነጠመኔው አያወልቅም። ከአሰላ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ዘጠነኛ ክፍል ያስተምራል። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ ሳይንሱም ጂኦግራፊውም አይገባውም። የሱ ክፍል ለሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ በር ነበር ማለት ይቻላል።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ያንን ክፍል ልጠግን ገባሁ። እንደ ጋሽ ተሰማ ከፊት ጀምሬ በየዴስኩ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ከፊት ያሉት ሁሉ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። የመሐሎቹ ትንሽ ትንሽ። የኋላዎቹ ድምፅ የላቸውም። መምህሩ መጽሐፍ ሊወስድ ገባና ቆሞ አየኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ብዙ ጉዳት አለው?"

"የፊቶቹ ላልተዋል፣ መምህር። የኋላዎቹ ግን እግዜር ይመስገን እንደ ተሠሩበት ቀን ናቸው። ከኋላ ያሉት ልጆች ጨዋ ናቸው።"

ፈገግ ሊል ጀመረና ተወው። "ጨዋ ስለሆኑ ነው የማይላላው?"

የጋሽ ተሰማን ነገር ነገርኩት። መጽሐፉን አስቀምጦ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ተነሣ። ተቀመጠ። ጸጥ። የፊተኛው ላይ ሄዶ ተነሣ፤ ሲጥ አለ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ደነገጥኩ።

"ከመስከረም ጀምሮ አልተነሡም ማለት ነው" አለ። "አንድ ጊዜም!"

"ኧረ መምህር፣ እኔ'ኮ ለክፋት ብዬ አይደለም የተናገርኩት።"

"አውቃለሁ። ክፍሌ ጥሩ የሚመልስ ይመስለኝ ነበር'ኮ፣ ጋሽ ደምሴ። እጅ ያወጣውን እጠራለሁ፤ ይመልሳል፤ ደስ ይለኛል፤ ደወል ይደወላል።" የኋላውን ዴስክ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ይሄ እንጨት ከኔ የተሻለ ሮል ኮል ይዟል።"

ትምህርት ሲከፈት የመስኮቱ ሥራ አላለቀልኝም ነበር። የኋላውን መስኮት እየጠገንኩ አንድ ሳምንት ያህል የሱን ትምህርት ሰማሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ የሰው ድምፅ ግን ይገባኛል። እሱ ይጠይቃል፣ ፊት ያሉት ይመልሳሉ፤ ወይም ሁሉም በአንድ አፍ እንደ ጸሎት ይደግማሉ። ከመስኮቱ ሥር ያሉት የኋላዎቹ ለመምህሩ ዝም ያሉ ይመስላሉ። ለኔ ግን ገበያ ነበሩ! በኦሮምኛ በሹክሹክታ ያወራሉ። የሰፈር ወሬ መስሎኝ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ስለዚያው ስለ ትምህርቱ ነው። አንዲት ልጅ መምህሩ ያለውን ለሁለቱ ጎረቤቶቿ ቁጭ አድርጋ ታስረዳለች፤ "እንዲህ ማለቱ ነው፣ አይደለም እንደሱ አይደለም፣ ትናንት ካለው ጋር አያይዘው" እያለች። የመምህሩ ዓይን ወደሷ ሲዞር አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ስሟን ጠርቶ ሲጠይቃት ለጎረቤቷ "አኒ ሂን ቤኩ" አለቻት፤ እኔ አላውቅም ማለት ነው። አሁን ስታስተምር ሰምቻታለሁ'ኮ!

ሩቂያ ትባላለች። ከዲክሲስ በኩል መጥታ አሰላ አጎቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ እንደሰማሁት አባቷ የሰጣት አንድ ዓመት ነው። ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ወደ ቤት፣ ከዚያም ወደ ባል። አማርኛዋን ሲሰሙ የከተማ ልጆች ይስቁባታል፤ እንግሊዝኛዋን ደግሞ ገና ማንም አልሰማውም።

ለመምህሩ ነገርኩት። የኋላዎቹ ዝም አላሉም፣ ወሬያቸው አንተ ጋ አይደርስም እንጂ፣ አልኩት። (በዚያን ጊዜ አንተ ልንባባል ጀምረን ነበር፤ እሱ ግን ለኔ ጋሼን አልተወም።) እኔም ከልቤ ያልገባኝን ነገር ጠየቅሁት።

"መምህር፣ አትቀየመኝ። መጽሐፍ ከፍ አድርገህ ምንድነው ይሄ ትላቸዋለህ። መጽሐፍ መሆኑን አንተ ታውቃለህ፣ እነሱም ያውቃሉ። እያወቅህ ለምን ትጠይቃቸዋለህ?"

"ማወቃቸውን ለማወቅ ነዋ።"

"በኛ ሥራ ቤት አንድ ሰው መዶሻ ይዞ 'ይሄ ምንድነው?' ካለኝ ወይ ሊፈትነኝ ነው ወይ ሊቀልድብኝ ነው። በሁለቱም ዝም እለዋለሁ። 'መዶሻህን የት አደረግከው?' ካለኝ ግን ቸግሮት ነው፤ ቶሎ እመልስለታለሁ።"

መምህር ሰሎሞን በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲያልቅ "ከነገ ጀምሮ የማላውቀውን ነው የምጠይቃቸው" አለኝ። "አንተን ደግሞ እፈልግሃለሁ፣ ጋሼ። አንዱን ዕቃህን በጆንያ ጠቅልለህ ና።"

በማግስቱ ትንሹን መላጊያ ጠቅልዬ ገባሁ። ስድሳ የሚሆን ልጅ ፊት ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። የኔ እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው፤ የስ እና ኖ። መምህሩም የፈለገው እሱን ነው። ጆንያው ውስጥ ያለውን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ መምህሩም አያውቅም። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ እሱ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል፣ እኔ የስ ወይ ኖ እላለሁ። ከመጠየቃቸው በፊት ግን በየዴስኩ በፈለጉት ቋንቋ እንዲመካከሩ ፈቀደ። ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ብረት ነው? የስም ኖም። ይቆርጣል? የስ። ቢላ ነው? ኖ። የፊተኞቹ ጥያቄ አለቀባቸው። ያን ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። ሩቂያ ግማሽ ተነሥታ፣ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ሦስት ቃል ተናገረች።

መምህሩ ወደኔ ዞረ። "ይበላል ወይ፣ ነው የምትለው።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። "ያገሳል ወይም በይው!" አለ አንዱ። እኔ ግን አሰብኩት። መላጊያ እንጨት ላይ ስትነዳው ከሥሩ ይገምጣል፣ በአናቱ ይተፋል። ሙሉ ቀን ይበላል፤ አይጠግብም። ሃያ ጊዜ ስሜን ጠርተው ቢጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ አልናገርም።

"የስ!" አልኩ። "የስ፣ የስ!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ቀጥሎ እሷው ራሷ "እንጨት ነው የሚበላው?" አለች። ጆንያውን ፈታሁት።

ከዚያ ወዲያ ሩቂያ ትነሣ ጀመር። በሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ ሁለቴ። እየዞርኩ ስመጣ መምህሩ ዴስኳን በእግሩ ነካ ያደርግና "ስማልኝ እስቲ" ይለኛል። በጣም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ሲጥ ማለት ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

መምህሩ ልጆቹ ፊት ለፊት ተያይተው እንዲነጋገሩ ፈለገ። የተያያዘው ዴስክ ግን ሁሉንም ወደ ሰሌዳ ያዞራል፤ ልጅ የሚያየው የልጅ ማጅራት ነው። "ማጅራት የሚያናግር ማን አለ?" አለኝ። ስለዚህ ጠረጴዛውን ለብቻ፣ አግዳሚ ወንበሩን ለብቻ እንድሠራለት ጠየቀ። የመንግሥት ንብረት በመጋዝ ለመቁረጥ ቃለ ጉባኤና አራት ፊርማ አስፈለገ፤ ተገኘ። ነገሩን ዳይሬክተሩ ወደደውና ከክፍለ ሀገር ኢንስፔክተር ስለሚመጣ በሁለት ሳምንት ይድረስ አለ። ችግሩ ደረቁ የጥድ ሳንቃዬ ነው። ለአብዮት በዓል መድረክ ተብሎ ከመጋዘን ተጭኖ ሄዷል፤ ጋሽ ተሰማ በከሰል የጻፉበት ሁሉ። የቀረኝ ባለፈው ወር የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። ስታሸተው እንባ የሚያስመጣ እርጥብ።

"አይሆንም፣ ይደርቅ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መምህሩ ደስ ብሎታል፣ ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኛል፤ "ጓድ ደምሴ የትምህርት አርበኛ" ብሎኛል። ሠራሁት። ኢንስፔክተሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው በየወንበሩ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። የመስኮቱ ሥር ያለው፣ የነሩቂያ፣ ጢቅ አለ። እንጨቱ እየደረቀ ተኮማትሮ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ላልቷል። ፈትቼ እንደገና መሥራት ነበረብኝ። መሸብኝ። ምስማር መታሁበት።

በማግስቱ በመስኮቱ ቆሜ አየሁ። ኢንስፔክተሩ በር አጠገብ ተቀምጧል። ልጆቹ አራት አራት ሆነው ተያይተዋል። መምህር ሰሎሞን "ለእንግዳችን የማታውቁትን ጠይቁት" አላቸው። ሩቂያ ለዚያ ቀን ጥያቄ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠዋት ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። ኢንስፔክተሩ ልጅ እያለ የፈራው የትኛውን ትምህርት እንደነበር ልትጠይቅ ነው። እንደ ልማዷ ጠረጴዛውን ይዛ፣ በጉልበቷ ወንበሩን ገፍታ ተነሣች። የመጀመሪያውን ቃል ስትናገር የወንበሩ እግር ተነቀለ። እሷና አብራት የተቀመጠችው ልጅ በጀርባቸው ወደቁ። ሻሿ ወለቀ፤ ቀለም ልብሷ ላይ ተደፋ።

"የዲክሲስ ገብስ ከብዷት ነው!" አለ አንድ የከተማ ልጅ። ክፍሉ አለቀ በሳቅ።

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ከደነ። "ጓድ መምህር፣ ይሄ ክፍል ነው ወይስ ገበያ? ነገ ሁሉም ወደ ረድፉ ይመለስ።"

ዳይሬክተሩ ወደ መስኮቱ መጣ። "ምንድነው ይሄ፣ ጓድ ደምሴ? ትናንት የተሠራ ወንበር?" ሩቂያ ሻሿን እያሰረች ነበር፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። መምህሩም እኔን ነው የሚያየው። እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ አውቄ ነው፣ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን፣

"ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ነው" አልኩ። ወዲያው እንደ ኋላ ረድፍ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ።

ሩቂያ በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። መምህር ሰሎሞን አጎቷ ቤት ሄዶ ነበር፤ ወደ ዲክሲስ ሄዳለች አሉት። ሊነግረኝ ሲመጣ ገና አመጣጡን አይቼ ማወቅ ነበረብኝ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ያለ ጠመኔ ነበር የመጣው። ያን ዓመት እንደ ጨረሰ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሲሰናበተኝ አቀፈኝ፤ ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ መጠየቅ ትቶ ነበር።

እኔ መዞሬን ቀጠልኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስንቱን አግዳሚ እንደ ሠራሁ አላስታውስም። አርቦዬ ሰነበትኩ፣ ሳጉሬ ሰነበትኩ። በደረስኩበት ክፍል መጀመሪያ የኋላዎቹ ላይ ነው የምቀመጠው። ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ሁሉም እንደ ተሠሩበት ቀን። ለሌላ አናጢ የሚያኮራ ነበር።

ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ከዲክሲስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። የስድስተኛ ክፍል ዴስኮች፣ በተለይ ከኋላ ያሉት፣ ከመጠን በላይ ላልተዋል፤ የክፍሉ መምህርት ተማሪዎቹን አደብ እንድታስይዝ ተነግሯታል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሦስት ዓመት በፊት የገባ ደረቅ ጥድ መርጬ በእህል መኪና ላይ ተጫንኩ።

ስደርስ ዕረፍት ነበር፤ ክፍሉ ባዶ ነው። በቀጥታ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄጄ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ሲጥ! ቀጣዩ፣ ሲጥ! የጥግ ጥጉ ሁሉ ይንጫጫል። ለብቻዬ እንደ ልጅ ስቀመጥ ስነሣ፣ ስቀመጥ ስነሣ፣ ሰው ከበሩ ሲያየኝ አልሰማሁም።

"ጋሽ ደምሴ" አለች። "መላጊያው አሁንም ይበላል?"

ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ናት፤ ኮቷ እስከ ክርኗ ጠመኔ ነው። መልሼ ተቀመጥኩ። በቀጣዩ ዓመት አባቷን ለምና አርቦዬ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ዘጠነኛን እንደገና ጀመረች፤ ጨረሰች፤ የመምህርነት ሥልጠና ወስዳ ለገዛ አገሯ ተመደበች። ይህን ሁሉ ቆማ ነው የነገረችኝ። ስታወራም ስትቆምም እጆቿን ከኋላዋ አጣምራለች። ደወል ተደወለና ልጆቹ ገቡ።

"አይውጡ" አለችኝ። "እንግሊዝኛ ነው። የማያውቁትን የሚጠይቁት እንግዳ አላገኙም ነበር።"

ተመካከሩ፤ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በድምፅ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ ጠየቁኝ፤ እሷ ትመልስልኛለች። ስንት ዓመትህ ነው? ዛፉ ሲቆረጥ ያለቅሳል? ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ ጥርሷ የወለቀ አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሣች፤ ዴስኩ ሲጥ አለ። የተናገረችውን ሩቂያ ወዲያው አልመለሰችልኝም።

"የሠሩት ዴስክ ተሰብሮ ያውቃል ወይ፣ ነው የምትለው።"

የስ ወይ ኖ ብል ይበቃ ነበር።

"የስ" አልኩ። ከዚያ በአማርኛ ቀጠልኩ። "አንድ ወንበር። እንጨቱ እርጥብ ነበር። እርጥብ መሆኑን አውቅ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት መላላቱንም ሰምቻለሁ፤ ምስማር መታሁበትና ዝም አልኩ። የተቀመጠችበት ልጅ ወደቀች፤ እኔ ደግሞ እሷ ገፍታው ነው አልኩ። አልገፋችውም። ልጆች እንደሚነሡት ነው የተነሣችው።"

ሩቂያ ሰሌዳውን እያየች ቆመች። ልጆቹ እየጠበቋት ነው። "እስከ ዛሬ እኔ የሰበርኩት ነበር የሚመስለኝ፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "'ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ' ብለው። ከዚያ ወዲያ ምንም ይዤ ተነሥቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። አሁን አየሁሽ።"

ወደ ልጆቹ ዞራ የተናገርኩትን በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ረጅም ነበር፤ አልዘለለችም መሰለኝ፤ ሲያዝኑም ሲያፈጥጡብኝም አየሁ። ያቺ ጥርሷ የወለቀው ግን አልተቀመጠችም ነበር። ወደ ጥድ ሳንቃዬ እያመለከተች ሌላ ጠየቀች። ሩቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

"ይሄኛውስ ደርቋል ወይ ትላለች።"

"የስ!" አልኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁ። አንድም ምስማር አልነካሁም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መጥታ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ክንዶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከዚያ ሁለቱንም መዳፎቿን ጣለችበትና ሙሉ ክብደቷን ሰጥታው ተነሣች። ዴስኩ ድምፅ አላሰማም። እንደገና ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች።

"በጣም ጠበቀ እንዴ?" አልኳት።

"ይጥበቅ፣ ጋሼ" አለች፤ "እነሱ መልሰው ያላሉታል።"

እውነትም መልሰው አላሉት! በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ደብዳቤው ይመጣል፣ እኔም ሳንቃዬን ይዤ እሄዳለሁ። አሁን የብረት ዴስክ መጥቷል፤ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ጠንካራ ነው፣ አይላላም፤ ማን እንደ ተነሣና ማን እንዳልተነሣ ግን ለማንም አይናገርም። ንብረት ክፍል ያለኸው ልጄ፣ ፋይሌን ስታገላብጥ የመጨረሻውን የዲክሲስ ደብዳቤ ቸኩለህ አለፍከው። ከዳይሬክተሩ ማኅተም በታች በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦

"ጋሼ፣ ዘንድሮ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ላልቷል።"